ለሦስት ቦታ የተሰለፉ በሽተኞች

እማዬ ያንን የጸሎት ርዕስ ባታቀርብ ኖሮ ይሄ ሁሉ ነገር አይመጣም ነበር።

ረቡዕ ረቡዕ ከራት በኋላ የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች በስልክ ይጸልያሉ። ሁሉም በየቤቱ ሆኖ አንድ ቁጥር ላይ ይደውልና የራሱን ድምፅ ያጠፋል፤ የሚሰማው የመሪው ድምፅ ብቻ ነው። መሆን ያለበት እንደዚያ ነው። ግን ማጥፋት የሚረሳ ሰው አይጠፋም። ስለ ዓለም ሰላም እየተጸለየ አንዱ ቤት ሽንኩርት ይንጫጫል፤ ሌላው ቤት ባልየው "ቁልፌን የት አደረግሽው?" ብሎ ይጮኻል። ከዚያ በኋላ ማናችንም ስለ ዓለም ሰላም አናስብም። ቁልፉ ተገኘ አልተገኘ እያልን ነው አሜን የምንለው።

የዚያን ቀን እማዬ ተራዋ ደረሰና ስልኩን አፏ ላይ አስጠግታ ጀመረች።

"ወገኖቼ፣ ትልቋ ልጄ እንደምታውቁት ዘንድሮም ለሜዲካል ስኩል ታመለክታለች። ማመልከቻው ላይ እስከ ዛሬ ከሠራሽው ሁሉ በጣም ትርጉም ያላቸውን ሦስቱን ምረጪ ተብላለች። የትኞቹን እንደምትመርጥ ጌታ እንዲያሳያት በጸሎት አስቡን።"

እህቴ ሶፋው ላይ ላፕቶፗን ታቅፋ ተቀምጣ ነበር። "ማሚ! ኖ! ኖ፣ ማሚ!" ብላ ዘለለች።

"ጸሎት ነው እኮ! ምን አለበት?" አለች እማዬ ስልኩን በእጇ ሸፍና።

መሪው "አሜን፣ እናስባታለን" አለ። ከዚያ ስልኩ ውስጥ ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ የሚል ድምፅ መጣ። ሰዎች ድምፃቸውን እየከፈቱ ነበር።

"እኔ አንድ ነገር ብናገር ቅር አይበላችሁ" አሉ የኳየሩ መሪ። "የሐሞት ጠጠሬ ጊዜ ሐኪም ቤት ይዛኝ የሄደችው እሷ አይደለችም እንዴ?"

"የኔስ ስኳር?" አለ አንድ ሰውዬ።

"ወገኖች፣ ወደ ጸሎት እንመለስ…" አለ የጸሎቱ መሪ።

"የባለቤቴ ዓይን!" አለች አንዷ ከሽንኩርቱ መሀል።

እህቴ ፊቷን በትራሱ ሸፈነች። እኔ ግን፣ ምን እደብቃለሁ፣ እንደዚያ ቀን ስቄ አላውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምንኖረው ሳን ሆዜ ነው፤ ቤተ ክርስቲያናችን ግን ኦክላንድ ነው። መጀመሪያ የኖርነው እዚያ ስለሆነ እማዬ "ቤት ቀየርኩ እንጂ ጌታን አልቀየርኩም" ትላለች፤ ጌታ ሳን ሆዜም እንዳለ ብንነግራትም አትሰማም። እህቴ መንጃ ፈቃድ ካወጣች ጀምሮ በቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ቀጠሮ ያለው ትልቅ ሰው ሁሉ የሷ ተሳፋሪ ነው። ትወስዳቸዋለች፣ ታስተረጉምላቸዋለች፣ መድኃኒታቸውን ታወጣለች፣ ትመልሳቸዋለች። ማንም አላዘዛትም። አንድ ጊዜ አንድ ሰው "ልጄ፣ ነገ ኮል አድርጊልኝ፣ አንድ ቦታ ታደርሽኛለሽ" አላት፤ በዚያው ቀረ።

ባለፈው ዓመት ለብዙ ትምህርት ቤቶች አመለከተች። ሁሉም እንቢ አሏት። የተመረቀችበት ኮሌጅ አንዲት አማካሪ አለች፤ ማመልከቻውን እንደገና አብረው አነበቡት። ሴትየዋ አንብባ ስትጨርስ "የሠራሽውን ሁሉ አየሁ። አንቺን ግን የትም አላየሁሽም" አለቻት። እህቴ ያን ቀን ቤት ገብታ ለቅሶዋ እንዳይሰማን የልብስ ማጠቢያ ማሽኑን ባዶውን አስነሳችው። ከዚያ "አንድ ጊዜ ብቻ እሞክራለሁ፤ ዘንድሮ ካልሆነ በቃኝ" አለች። ካልሆነ የአባዬ ጓደኛ ኩፐርቲኖ ውስጥ ሥራ ያስገባታል፤ ስልክ ላይ የሚጫኑ ፕሮግራሞች ስህተት እንዳለባቸው እየነካኩ ማየት ነው። ሥራው መጥፎ አይደለም። ስለሱ ስታወራ ግን ፊቷ ጥርሱ ሊነቀል የተቀመጠ ሰው ፊት ይመስላል።

ስለዚህ ሦስቱ ምርጫ ቀልድ አልነበረም። ለሷ ማለቴ ነው።

እኔ በዚህ ነገር የገባሁት ራሴን የጽሑፍ አራሚ አድርጌ ሾሜ ነው። ዕድሜዬ አሥራ ስድስት ነው። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ሰው በአማርኛ ሲያናግረኝ በእንግሊዝኛ ነበር የምመልሰው። ካስትሮ ቫሊ የሚኖሩ አንድ ጋሼ አሉ፤ በንጉሡ ጊዜ ለትምህርት መጥተው ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ። ባለቤታቸው ቤተ ክርስቲያን ታመጣቸዋለች፤ እሳቸው ግን የፓስተሩን የዓረፍተ ነገር ስህተት ለመያዝ ነው የሚመጡት። አንድ እሑድ "አማርኛ ታነቢያለሽ?" አሉኝ። "ትንሽ" አልኩ። "ትንሽ ማለት አላነብም ማለት ነው። ቅዳሜ ነይ" አሉኝ። ሄድኩ። አሁን ይኸውና ያገኘሁትን ሁሉ እጽፋለሁ። እማዬ ሱቅ ስትልከኝ የምጽፈው የዕቃ ዝርዝር እንኳን መግቢያ አለው።

በዚህ ዓይን የእህቴን ረቂቅ አነበብኩት። ሦስት ነገር መርጣ ነበር። አንደኛው ኮሌጅ እያለች ላብራቶሪ ውስጥ ያጠናችው ትል ነው፤ በዓይን የማይታይ፣ ሳህን ላይ የሚርመሰመስ። ሁለተኛው ሆስፒታል ውስጥ በጎ ፈቃደኛ ሆና ተሽከርካሪ ወንበር የገፋችበት ነው። ሦስተኛው ታናናሽ ተማሪዎችን ኬሚስትሪ ያስጠናችበት ነው። ሁሉም "እንዲህ በማድረግ የቡድን ሥራን አስፈላጊነት ተረዳን" ብሎ ያልቃል።

"እንዴት ነው?" አለችኝ።

"ይሄንን ትሉም ሊጽፈው ይችል ነበር" አልኳት።

በትራስ መታችኝ። ግን አልሳቀችም፤ እኔም ያኔ ነው ነገሩ እንዳስጨነቃት የገባኝ።

አባዬ የትሉ ደጋፊ ነው። ሬድውድ ሲቲ የካውንቲ ቢሮ ውስጥ ይሠራል፤ ቢሮው ላሉት ሰዎች ሁሉ ልጁ ስለምታጠናው ትል ነግሯቸዋል። "ሌላውን እንደፈለጋችሁ አድርጉት፤ ትሉን እንዳትነኩት" አለ። "ሳይንስ ነው።"

እሑድ ኦክላንድ ስንደርስ ምርጫው ተጀምሮ ጠበቀን። ከአምልኮ በኋላ ምድር ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ሳምቡሳና ሻይ አለ። እህቴ ገና ሳምቡሳ ሳትነክስ የኳየሩ መሪ እትዬ ክንዷን ያዟት። እትዬ ትልቅ ድምፅ አላቸው፤ ማይክ ይዘው ሲዘምሩ የመስኮቱ መስታወት ይርገበገባል፤ ሲያንሾካሹኩም ያው ነው።

"ነይ እስቲ የኔ ዶክተር። ወሰንሽ?"

"ገና ነው እትዬ።"

"አላስቸኩልሽም። ጌታ በጊዜው ያሳይሻል። ግን እስቲ አስቢው፤ ዶክተሩ የኔን ሐሞት በመሣሪያው ሲያይ ምን አለ?"

"'ዋው' አለ።"

"ዋው አለ! ስንቱን ሐሞት ያየ ሰው ዋው ካለ ትርጉም አለው ማለት ነው። ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?"

ፓስተሩ የሻይ ኩባያቸውን ይዘው ተጠጉ። "እኅቴ፣ በዚህ ጉዳይ ጣልቃ መግባቴ አይደለም" አሉ። ጣልቃ ሊገቡ ነው ማለት ነው። "ግን የኔ የኩላሊት ጠጠር ለነሱም ምስክርነት ይሆን ነበር። በጸሎት ነው የጠፋው።"

እህቴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "ፓስተር፣ አልጠፋም። ከሽንት ጋር ወጥቶ በማጥለያው ተያዘ፤ እኔው ነኝ ላብራቶሪ ያደረስኩት" አለቻቸው።

"እሱስ በጸሎት አይደል የወጣው?"

"አሜን ፓስተር፣ ግን ዶክተሩ…"

"የፓስተር ጠጠር ሲጀመር ትንሽ ነች" አሉ እትዬ። "በማጥለያ የምትያዝ ጠጠር! የኔ እኮ በኦፕሬሽን ነው።"

ፓስተሩ የትንሽነቱን ነገር ሲሰሙ ፊታቸው ላይ አንድ ነገር አለፈ። የእግዚአብሔር ሰው ስለሆኑ ዋጡት። በዚህ መሀል ስኳር ያለበት ሰውዬ፣ ዓይኑን የተሠራው ባል፣ ጉልበቷን የሚያማት አክስት ሁሉም ሳህናቸውን ይዘው ዙሪያችንን ከበቡ። እህቴ መጨረሻ ላይ ወንበር ላይ ቆመች።

"እባካችሁ ስሙኝ። ማንንም ብጽፍ ስም አይጠቀስም። ማን እንደሆናችሁ የሚያሳውቅ ምንም ነገር አይጻፍም። ክልክል ነው። ፕራይቬሲ!"

ሁሉም ወደ እትዬ ዞረ።

"ስሜ ከሌለበትማ" አሉ እትዬ ቀስ ብለው፣ "ምኑን ተመረጥኩት? የማንም ጠጠር ሊሆን ነው እኮ!"

በዚያው ሳምንት ሐሙስ ጋሼ የልብ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ነበራቸው። ትምህርት ተዘግቶ ስለነበር እኔም አብሬ ሄድኩ። ጋሼ "ቅዳሜ እንግዳ አለብኝ፤ ልጅቷን መኪና ውስጥ አስተምራታለሁ" ብለው ነበር። ካስትሮ ቫሊ በራቸው ላይ ስንደርስ እንደ ሁልጊዜው ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከረባት አስረው ወጡ። ፊት ተቀመጡ። እኔ ከኋላ ደብተሬን ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁ። ስለ ሐረግና ስለ ዓረፍተ ነገር ማስረዳት ጀመሩ፤ እህቴ ግን በየመሀሉ ወሬ እያመጣች ታቋርጣቸዋለች። ተናድጄ ነበር።

"ጋሼ፣ ያ ወፍራም መጽሐፍ አለቀ?"

"እያለቀ ነው። ደራሲው ነው እንጂ ያላለቀለት።"

"አልጋ ላይ ነው የሚያነቡት?"

"አልጋውንማ ትቼዋለሁ። ሳሎን ሶፋው ላይ ነኝ።"

"እንቅልፍ ሲመጣ ነው ወደ አልጋ የሚሄዱት?"

"ምን ያስሄደኛል? እዚያው ቁጭ እንዳልኩ ይወስደኛል። ጋደም ስል መጽሐፉ አይመቸኝም።"

እህቴ ፍጥነቷን ቀነስ አደረገች። "መጽሐፉ ነው የማይመችዎት ወይስ ትንፋሹ?"

"መጽሐፉም… ትንፋሹም። ምን ልዩነት አለው?" አሉና ወደ እኔ ዞረው "የት ነበርን?" አሉ።

"ጋሼ፣ በዚህ ሁሉ ልብስ ላይ ዛሬ ነጠላ ጫማ ለምን አደረጉ?"

ያኔ ነው እኔም ያየሁት። ከዚያ ሁሉ ከረባትና ኮት በታች የቤት ነጠላ ጫማ።

"ያኛው ጠበበኝ።"

"ጫማ ይጠባል እንዴ ጋሼ?"

"ካሊፎርኒያ የማይጠብ ነገር አለ? ቤቱ ጠበበ፣ መንገዱ ጠበበ፣ ጫማው ምን ይለየዋል?"

እኔ ስስቅ እህቴ አልሳቀችም። መኪናውን ኦክላንድ ክሊኒኩ ጋ ስታቆም ጣቶቿ መሪውን እየመቱ ነበር።

እዚህ ላይ ስለኛ ሰዎች አንድ ነገር ማስረዳት አለብኝ። የኛ ትልልቅ ሰዎች "እንዴት ነዎት?" ሲባሉ "ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን" ነው የሚሉት። እግራቸው ተሰብሮ ቢሆንም እንደዚያ ነው የሚሉት። ይሄ ጸያፍ ነገር አይደለም፣ ጨዋነት ነው፤ ሰው ገና ሰላም ሳይልሽ በሽታሽን አትዘረግፊበትም። ችግሩ ሐኪሙም የሚጀምረው "እንዴት ነዎት?" ብሎ መሆኑ ነው። "ደህና ነኝ" ይሉታል፤ "ታካሚው ደህና ናቸው" ብሎ ይጽፋል፤ በሽታውም ተሸኝቶ አብሮ ወደ ቤት ይመለሳል። ጋሼ ደግሞ ከሁሉም የባሱ ናቸው፤ ምክንያቱም እንግሊዝኛቸው ያምራል። አስተርጓሚ አያስፈልጋቸውም፤ እህቴ የምትገባው እንዲያው ለወጉ ነው። እኔንም "ትግባ፣ ቋንቋ ትሰማለች" ብለው አስገቡኝ።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። ላፕቶፗን ከፍታ እንዴት እንደሆኑ ጠየቀቻቸው። ጋሼ በዚያ የድሮ መምህር እንግሊዝኛቸው "እንደ እኔ ላለ የሙዚየም ዕቃ፣ ይዞታዬ አስደናቂ ነው" አሏት። ሳቀችና ጻፈች። ትንፋሽ ያጥርዎታል ወይ? "ከእርስዎ ደግነት በቀር ትንፋሼን የሚያሳጥረኝ ነገር የለም።" አሁንም ሳቀች፣ አሁንም ጻፈች። እግርዎ ያብጣል? "እግሮቼ እንደ ባለቤታቸው ትሑታን ናቸው" አሉና ነጠላ ጫማውን ወንበሩ ሥር ደበቁት። እንቅልፍስ? "እንደ ሕፃን።"

እኔ ልናገር አፌን ከፈትኩ። እህቴ ጉልበቴን ያዘችኝ። ወደ ጋሼ ጎንበስ ብላ በአማርኛ፣ ቀስ ብላ፣ "ጋሼ፣ የሶፋውን ነገር እርስዎ ይነግሯታል ወይስ እኔ ልንገርልዎት?" አለቻቸው።

ጋሼ ጣሪያውን አዩ። ከረባታቸውን አስተካከሉ። "አንቺ ንገሪያት" አሉ። "እኔ እንደዚህ ዓይነት ነገር በእንግሊዝኛ ተናግሬ አላውቅም።"

ነገረቻት። ምንም ማሳመሪያ የለውም። ጋደም ማለት እንደማይችሉ፣ ተቀምጠው እንደሚያድሩ፣ ጫማቸው እንቢ እንዳላቸው። ሐኪሟ መጻፏን አቆመች። ላፕቶፑን ዘጋችና ወለሉ ላይ ተንበርክካ ጋሼን እግራቸውን እንዲዘረጉ ጠየቀቻቸው፤ በአውራ ጣቷ ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ጫን ብላ ለቀቀችው። የጣቷ ቅርጽ እዚያው ጎድጉዶ ቀረ። ሁላችንም ጉድጓዱን አየነው። ጋሼም አዩት፣ የሌላ ሰው እግር የሚያዩ ይመስል።

በዚያው ቀን ደም ተወሰደ፣ ልባቸው በመሣሪያ ታየ፣ መድኃኒት ተቀየረላቸው። ልባቸው ደክሞ የተጠራቀመው ውሃ ከሳንባቸውና ከእግራቸው እንዲወጣ ነው። ሐኪሟ እህቴን ኮሪደር ላይ አቁማ "ዛሬ ባይታወቅ ኖሮ በቅርቡ ድንገተኛ ክፍል ነበር የምናገኛቸው" አለቻት። እህቴ "እሺ" ብቻ አለች። ከዚያ መጠጫ ውሃው ጋ ሄዳ ብዙ ጠጣች።

ስንመለስ ጋሼ አኮረፉ። "ዛሬ ትምህርት የለም" አሉኝ። ካስትሮ ቫሊ መውጫው ጋ ስንደርስ ድንገት ወደ እህቴ ዞሩ።

"ለመሆኑ ሶፋውን መቼ አየሽው?"

"አላየሁትም ጋሼ። እርስዎ ነዎት የነገሩኝ።"

"እኔ? እኔ ስለ መጽሐፍ ነው ያወራሁት!"

"አዎ ጋሼ።"

ትንሽ አሰቡና እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ።

ቤት ገብተን ገና በሩ ሳይዘጋ "ይሄ ነው!" አልኩ።

"ምኑ?"

"አንደኛው! ትርጉም ያለው! መኪናው!"

"መኪና ምንድን ነው?" አለች እህቴ። "እሱ እኮ አክቲቪቲ አይደለም። ራይድ ነው። ሲሪየስሊ፣ ማነው ሽማግሌ በመኪና አድርሶ ዶክተር የሆነው? ባለፈው ዓመት ሳይንስ ይዤ ሄጄ አልተቀበሉኝም፤ ዘንድሮ በሩ ካልተመታ የማይዘጋ መኪና ይዤ ልሂድ?"

"ትሉስ?" አለ አባዬ ከሳሎን።

"አባዬ፣ ዘንድሮ የሚያመለክተው ሰው ሁሉ የሆነ ላብራቶሪ ውስጥ የሆነ ትል አለው" አልኩ። "እንደ ጋሼ ያለ ሰው ግን ማንም የለውም።" ከዚያ ወደሷ ዞርኩ። "ደግሞ ራይድ አይደለም። እኔ ከኋላ ተቀምጬ ነበር። አንድም ጊዜ 'የት ያምዎታል?' አላልሽም። ስለ መጽሐፍ ጠየቅሽ፣ ስለ ጫማ ጠየቅሽ፣ ሰውየው የልብ በሽታውን ሳያውቀው አስረክቦሽ ወረደ። እትዬንስ ምን ብለሽ ጠየቅሻቸው?"

አሰበች። "ልምምድ ላይ የትኛውን መዝሙር ቁጭ ብለው እንደሚዘምሩት።"

"ፓስተሩንስ?"

"ስብከቱን ለምን ቶሎ እንደሚጨርሱት።" ፈገግ ልትል ስትል ተወችው። "ግን ይሄ እኮ… ማንም የሚያደርገው ነገር ነው።"

"እኔ አላደርገውም። እኔ ከሁሉም በፊት እላቸው ነበር፣ 'ጋሼ፣ ይዋሻሉ!'"

እማዬ ከኩሽና መሀረብ ይዛ ወጣች። ሁላችንም ልትፈርድ የመጣች መሰለን። "ሥራ ቦታዬ ያሉት አሮጊቶችም እንደዚያ ናቸው" አለች፤ እማዬ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ነው የምትሠራው። "ልጄን ይዣት ብሄድ እላለሁ አንዳንዴ።" ተመልሳ ገባች። እህቴ ላፕቶፗን ከፈተች።

መጻፉ ሌላ ጣጣ ነበር። እህቴ "እኔ" ማለት አትችልም። በኛ ቤት ስለ ራስ ማውራት ነውር ነው፤ አባዬ "እኔ እኔ የሚል ሰው ጆሮዬን ያሳክከኛል" እያለ ነው ያሳደገን። ስለዚህ "እኛ ጠየቅን፣ እኛ ተረዳን" ብላ ሞላችው።

"እኛ ማነው?" አልኳት። "አንቺና ማን? እኔ ከሆንኩ ያደረግኩት አንድ ነገር ቢኖር መሳቅ ነው።"

"'እኔ' ብል ለሚያነበው ሰው ጉራ ይመስላል።"

"አባዬ፣ ይሄ ጉራ ነው?" ብዬ አንድ መስመር ተርጉሜ አነበብኩለት። *በቀጥታ አልጠየቅኩም፤ ስለ ጫማው ጠየቅኩ።*

አባዬ ጆሮውን አከከ። "ጉራ አይደለም" አለ በመጨረሻ። "መረጃ ነው። ትሉ ግን አለ አይደል?"

ትሉ ነበረ። ለአባዬ ሲባል ከሦስቱ አንዱ ሆኖ ቀረ። ተሽከርካሪ ወንበሩም ቀረ። ኬሚስትሪው ወጣና መኪናው ገባ።

የቀረው የጋሼ ፈቃድ ነበር። ስማቸው ባይኖርም፣ እህቴ ሳታስፈቅዳቸው አልልክም አለች። ደወለችላቸው፤ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ እየተረጎመች አነበበችላቸው። ድምፅዋ እየቀጠነ ሄደ። ስትጨርስ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች።

"ጋሼ? አሉ?"

"አለሁ። 'ታካሚው እውነቱን አልተናገረም' ብለሻል።"

"ላጥፋው ጋሼ? አጠፋዋለሁ። ሌላ ሰው…"

"አታጥፊው። ነገር ግን ምን በመሰለ እንግሊዝኛ እንዳልተናገረው ግልጽ አድርጊ። ግማሽ ሥራ አልወድም።"

ጨመረችበት። ፊደሉ ተቆጥሮ የሚፈቀድ ስለሆነ ለጋሼ እንግሊዝኛ ቦታ ለማግኘት የቡድን ሥራን አስፈላጊነት አወጣነው። ማንም አልናፈቀውም።

እሑድ አዳራሹ ውስጥ የምርጫውን ውጤት የነገረቻቸው እማዬ ናት። ማንም ብቻውን እንዳልተመረጠ፣ ሁሉም ተሳፋሪ አንድ ላይ አንዱ ቦታ ላይ እንደገባ አስረዳች።

"ሁላችንም? አንድ መኪና ውስጥ?" አሉ እትዬ።

"ሁላችሁም።"

"ፓስተሩም?"

"እሳቸውም።"

እትዬ ሳምቡሳቸውን እያላመጡ አሰቡበት። "ይሁን" አሉ። "ፊት ወንበር ግን እኔ ነኝ።"

ክረምቱ አለፈ። መጀመሪያ የመጡት መልሶች እንደ ባለፈው ዓመት ነበሩ፤ አጭርና ትሑት። እህቴ እያነበበች ስልኩን ገልብጣ ታስቀምጠዋለች፤ የኩፐርቲኖው ሰውዬም አባዬን "ልጅቷ ምን ወሰነች?" ማለት ጀመረ። ከዚያ አንድ ሩቅ፣ በረዶ ያለበት አገር ያለ ትምህርት ቤት ለቃለ መጠይቅ ጠራት፤ በቪዲዮ። ያን ቀን አባዬ ዕረፍት ወስዶ ከበሩ ውጪ ዘብ ቆመ፤ ጎረቤት ሣር ሊያጭድ ሲል ሄዶ ለመነው። ስትወጣ "ምን ጠየቁሽ?" አላት።

"ስለ ሶፋው። ከዚያ ስለ ጫማው። ከዚያ ከጠያቂዎቹ አንዱ ሐኪም እናቱም እንደዚያ እንደሆነች አወራኝ።"

"ስለ ትሉስ?"

"ምንም።"

አባዬ እንደተሰደበ ሰው ወደ ጓሮ ወጣ።

ከዚያ መጠበቅ መጣ። እህቴ ሰው ማመላለሷን አላቆመችም፤ እንዲያውም ባሰባት፤ ቤት ከተቀመጠች ኢሜይሏን ነው የምታየው። አንድ ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤት ወስዳኝ በቀጥታ ኦክላንድ ሄድን። እትዬን ከኳየር ልምምድ አንሥተን ስለ ጉልበታቸው ሐኪም ዘንድ ልንወስዳቸው ነው። እትዬ ከኋላ ገቡ፤ ፊት ወንበር የኔ ነው ብለው ፎክረው ነበር፣ ዛሬ ግን ጉልበታቸውን መዘርጋት ፈለጉ። እህቴ ቁልፉን አስገባች። ስልኳ ነዘረ። አየችው። ቁልፉን ሳታዞር ስልኩን ወደኔ ዘረጋች።

"አንቺ አንብቢው። እኔ ዓይኔን አላምነውም።"

አነበብኩ። ጮክ ብዬ። በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ለእትዬ ብዬ በአማርኛ። "በደስታ እንገልጽልሻለን" የሚለው ላይ ስደርስ እትዬ አላስጨረሱኝም። መስኮቱ በተዘጋ መኪና ውስጥ የመዘምራን መሪ እልልታ ምን ማለት እንደሆነ ልገልጸው አልችልም። ግራ ጆሮዬ እስከ ማታ ሲጮህብኝ ነበር። የመኪና ማቆሚያው ላይ የነበሩ ሁለት ሰዎች አደጋ የደረሰ መስሏቸው ሮጠው መጡ።

እህቴ ታለቅስም ትስቅም ስለነበር መንዳት አልቻለችም። እኔ የመለማመጃ ፈቃድ አለኝ፤ ግን አጠገቤ የሚቀመጠው ሰው ሃያ አምስት ዓመት የሞላው መሆን አለበት፣ እህቴ ደግሞ ገና አልሞላትም። ሁለታችንም ወደ ኋላ ዞረን እትዬን አየናቸው።

"መንጃ ፈቃድ አለኝ" አሉ እትዬ እንባቸውን እየጠረጉ። "የማልነዳው ለሕዝቡ ብዬ ነው።"

ተቀያየርን። እኔ መሪው ላይ፣ እትዬ አጠገቤ፣ ዶክተሯ ከኋላ። እህቴ እማዬ ጋ ደወለች፤ አታነሣም፣ ሥራ ላይ ናት። አባዬ ጋ ደወለች። አባዬ "ቆይ፣ ቁጭ ልበል" ሲል ሰማነው፤ ከዚያ በጀርባው የቢሮው ሰው ሁሉ ያጨበጭብ ጀመር።

"መቼ ነው የምትሄጂው?" አሏት እትዬ ስልኩን ስትዘጋ።

"በሚቀጥለው ነሐሴ አካባቢ ነው የሚጀምረው።"

"በረዶ አለ አልሽ?"

"በጣም።"

እትዬ ቀበቷቸውን ጎተት አደረጉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸው ትንሽ ሆኖ ሰማሁት። "ጎሽ የኔ ልጅ። ጎሽ" አሉ። ወዲያው ደግሞ ወደኔ ዞረው እግሬን አዩ። "አንቺ፣ ምን ትጠብቂያለሽ? ቀጠሮዬ አለፈ እኮ! ቀስ አድርገሽ ነው የምትረግጪው፤ ጉልበቴን አደራ።"

ቀስ አድርጌ ረገጥኩት።